ትልቁን የደም ሥር ስለ ማየት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን የሳይንስ ክበባችንን ወክዬ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የመረጥሁት ርእስ አኦርታ ስለሚባለው ትልቅ የደም ሥር ነው፤ ይኸውም ሲጎዳ ወይም ሲታመም ሐኪሞች በምን ዘዴ አይተው እንደሚያውቁት ለመግለጽ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ጊዜ «በበዓል ቀን ስለ በሽታ ምን ያናግራል?» ብለውኛል። እኔ ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ መኪና እየነዱ የሚያሳድጉን አባቶች፣ ደም ብዛት ያለባቸው እናቶች፣ ነገ ኳስ ሜዳ የሚወርዱ ልጆች እንደ ተቀመጡ አስባለሁ። የዚህ ደም ሥር ጉዳት ጠዋት ደኅና የነበረውን ሰው ማታ የሚያሳጣ ስለ ሆነ፣ ከበዓሉ ጨዋታ ጥቂት ደቂቃ ቢወሰድለት የሚገባው ነው። እኔ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የምናገረው ሐኪም ዘንድ መሄድን የሚተካ ሳይሆን ቶሎ እንድንሄድ የሚገፋፋን ነው።

አስቀድመን አኦርታ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአማርኛ «ደም ሥር» እንላለን። በዚህ በወለጋ የምንናገረው ኦሮምኛም «ሂዳ ዺጋ» ይላል፤ «ሂዳ» ማለትም ሥር ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ደም የሚሄድበትን መንገድ ከዛፍ ሥር ጋር ማመሳሰላቸው ጥሩ አስተውሎት ነው፤ ሥር ከግንዱ ወጥቶ እየቀጠነ እንደሚሰራጭ፣ ደም ሥርም ከትልቁ ተነሥቶ እስከ ጣታችን ጫፍ ድረስ ይከፋፈላልና። የዚህ ሁሉ ግንድ አኦርታ ነው። ከልብ ግራ ክፍል ይነሣና ጥቂት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም እንደ ምርኩዝ እጀታ ይቆለመምና ለራስና ለክንዶች ቅርንጫፍ ይሰጣል፤ ቀጥሎ በጀርባ አጥንት አጠገብ እየወረደ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ያልፋል፤ በእምብርት አካባቢም ለሁለቱ እግሮች ይከፈላል። ስፋቱ በጤነኛ ሰው ደረት ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሆድ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዕረፍት ላይ ካለ ሰው ልብ በየደቂቃው የሚወጣው 5 ሊትር ያህል ደም የሚያልፈው በዚህ ቧንቧ ነው። ግድግዳው ሦስት ድርብ ሲሆን፣ ከልብ የሚገፋውን ደም እየተለጠጠ ይቀበላል፤ ተመልሶ እየተሰበሰበም ወደ ፊት ይገፋዋል።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ነገር በደረት አጥንትና በጀርባ አጥንት መካከል ተሸሽጎ ሲኖር ሐኪም እንዴት ሊያየው ይችላል? ጥንት የሚታየው ከሞት በኋላ ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1760 በድንገት በሞተ ጊዜ ሐኪሙ ፍራንክ ኒኮልስ ሬሳውን መርምሮ የአኦርታው ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ ልቡን የሚሸፍነው ከረጢት በደም ተሞልቶ አገኘው። ንጉሥ ቢሆንም በሕይወቱ ሳለ ሕመሙን ማንም ሊያውቅለት አልቻለም። ዛሬ ያ የንጉሥ ሕመም ከገበሬ ልጅ ላይ እንኳ በሕይወት ሳለ ሊታወቅ መቻሉ የትምህርትን ዋጋ ያሳያል።

የለውጡ መጀመሪያ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጀርመናዊው መምህር ቪልሄልም ሮንትገን ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል የሆነው ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ነገሮች አራት ወር እንኳ አልራራቁም! በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው ወደ ኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች ክንድ ውስጥ ጥይቱ የት እንዳለ ለማወቅ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በራጅ ተጠቀመ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ በዓለም የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። አባቶቻችን የተኮሱት ጥይት አዲሱን ጥበብ ወደ ሥራ አስገባው ማለት ነው።

ነገር ግን ጥይትና አጥንት ሌላ፣ አኦርታ ሌላ ነው። ራጅ የሚያሳየን ጥላን ነው። አጥንትና ብረት ጨረሩን ስለሚይዙ ጎልተው ይታያሉ፤ ሳንባ አየር ስለ ሆነ ጨረሩን ያሳልፋል። ደምና ሥጋ ግን ጨረሩን የሚይዙት በተመሳሳይ መጠን ስለ ሆነ፣ በውስጡ ደም የሚፈስበት አኦርታ ከዙሪያው ሥጋ ተለይቶ አይታይም፤ የሚታየው በሳንባው ጥቁረት ላይ የሚያርፈው የዳር መስመሩ ብቻ ነው። ይህን ችግር ለማሸነፍ ብዙ ሰዎች ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሬናልዶ ዶስ ሳንቶስ የተባለው የሊዝበን ሐኪም ጨረርን የሚይዝ ፈሳሽ በመርፌ ወደ ሆድ አኦርታ ውስጥ አስገብቶ ደም ሥሩን ከነቅርንጫፉ በራጅ አሳየ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ጀርመናዊ ሐኪም ቬርነር ፎርስማን ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ከገፋው በኋላ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶግራፍ ተነሣ። በወቅቱ ቢወቀስም እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር አገኘ።

ሁለተኛው መንገድ በድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ፣ በመርከብ መሥሪያ ብረት ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን ለመፈለግ የሚያገለግል መሣሪያ ተውሰው የሚንቀሳቀስ ልብ መረመሩበት። ጆሯችን የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ሰውነት ይላክና የገደል ማሚቶው ሲመለስ ይመዘገባል። ዛሬ እርጉዝ እናቶች የሚታዩበት አልትራሳውንድ የዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። ሦስተኛው መንገድ ሲቲ ስካን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሠራው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በበሽተኛ ላይ ተሞከረ። ይህ ራጁን በሰውየው ዙሪያ እያዞረ ያነሣና በኮምፒዩተር ሒሳብ ሰውነቱን እንደ ተቆረሰ ዳቦ ገጽ በገጽ ያሳያል። አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በክንድ ደም ሥር ተወግቶ ሲነሣ አኦርታ ከሥሩ እስከ መጨረሻው ይበራል። ኤም አር አይ የተባለው ደግሞ ያለ ራጅ፣ በማግኔት ኃይል ሥዕል ያወጣል፤ ነገር ግን ጊዜ ስለሚወስድ ለሚጣደፍ በሽተኛ አይመችም።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። እንበልና አንድ ሾፌር ከነቀምቴ ወደ ግምቢ ሲጓዝ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ደረቱ ከመሪው ጋር ተመታ። ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ቆመ፤ ደም አልፈሰሰውም፤ ዘመዶቹም «ተመስገን፣ ተርፈሃል» ብለው ወደ ቤት ሊወስዱት ተነሡ። ጓደኞቼ ሆይ፣ አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። መኪናው በድንገት ሲቆም የአኦርታው ቆልማማ ክፍል ከልብ ጋር ወደ ፊት ይወረወራል፤ በጀርባ አጥንት በኩል የሚወርደው ክፍል ግን እንደ ታሰረ ይቀራል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግድግዳው ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ፓርምሊና ባልንጀሮቹ በአሜሪካ ባሳተሙት የታወቀ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ከእንዲህ ያለ ጉዳት ከመቶው ከሰማንያ በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ። የሚተርፉት የውስጡ ሁለት ድርብ ተቀድዶ ውጭኛው ስስ ሽፋን ብቻ ደሙን የያዘላቸው ናቸው። ያ ሽፋን ለሰዓታት ወይም ለቀናት ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ይበጠሳል።

ይህን ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተራ የደረት ራጅ ነው። ሐኪሙ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ጥላ ከልክ በላይ መስፋቱን፣ በብዙ መጻሕፍት እንደሚነገረው ከ8 ሴንቲ ሜትር ማለፉን ይመለከታል፤ የአኦርታው ጉብታ መደብዘዙን፣ የአየር ቧንቧው ወደ ቀኝ መገፋቱን፣ በግራ ሳንባ ዙሪያ ደም መኖሩን ያያል። ሆኖም ራጁ ደኅና ቢመስልም ጉዳቱ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ አመታቱ ኃይለኛ ከነበረ ሲቲ ስካን መነሣት ይገባል። ከታወቀ በኋላ የደም ግፊቱ በመድኃኒት ዝቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ቀዳዳውም በቀዶ ጥገና፣ በዛሬው ዘመን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት በኩል በሚገባ ጨርቅ በለበሰ ቱቦ ይደፈናል። ከሁሉ በፊት ግን የመቀመጫ ቀበቶ ማሰር ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ይቀድማል።

ያለ ግጭትም የሚመጣ ሕመም አለ፤ ከእነዚህም ዋነኛው የግድግዳው መሰንጠቅ ነው። ደም በውስጠኛው ድርብ ቀዳዳ ይገባና ግድግዳውን እንደ ድሪቶ ሁለት እያደረገ ይተረትረዋል። ከምክንያቶቹ ሁሉ የበዛው ሳይታከም የቆየ ደም ብዛት ነው። ምልክቱ በደረት ወይም በጀርባ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል በድንገት የሚነሣ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የከፋ፣ የሚቀድ የሚመስል ሕመም ነው። በቀኝና በግራ ክንድ የሚለካው ግፊት ከ20 በላይ ቢለያይ ወይም የአንዱ እጅ ትርታ ቢደክም ጥርጣሬው ይጠነክራል። በአገራችን ደረቱንና እንብርክቱን ያመመው ሰው «ጨጓራ ነው» ይባልና ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል። ጨጓራ ቀስ እያለ የሚመጣና የሚመላለስ ነው፤ በአንድ ቅጽበት ሰውን የሚጥል ሕመም ግን ጨጓራ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የልብ ድካም መስሏቸው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢሰጡትም የበለጠ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መለየቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ስንጥቁ ከልብ አጠገብ ባለው ክፍል ሲሆን፣ ካልታከሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ በየሰዓቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው እንደሚሞት መጻሕፍት ይናገራሉ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉዞው ከዝግጅቱ ጋር ስምንት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከመቶው ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት የሚሆኑት በመንገድ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው። ዘመዶች ሲመክሩ፣ ገንዘብ ሲያዋጡ አንድ ሌሊት ቢያልፍ ደግሞ ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሐኪሙ በጠረጠረ ጊዜ ግፊቱን ዝቅ የሚያደርግና ሕመሙን የሚያስታግሥ መድኃኒት እዚሁ ተጀምሮ፣ ወደሚቀበለው ሆስፒታል ስልክ ተደውሎ፣ የተነሣው ራጅ ከበሽተኛው ጋር ተይዞ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ሕመም የአኦርታ ማበጥ ነው። በሆድ ውስጥ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አበጠ ይባላል፤ በወንዶች 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲደርስ ለቀዶ ጥገና ይታሰባል። በዕድሜ የገፉና ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች ይበልጥ ይያዛሉ። በፊዚክስ ክፍል ስሙን በየጊዜው የምንሰማው አልበርት አይንሽታይን በዚህ ሕመም ነው የሞተው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለው ቀዳጅ ሐኪም ያበጠውን ደም ሥር በሴሎፋን ጠቀለለለት፤ በዚህም ከስድስት ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1955 ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አልፈለገም፤ በ76 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ማበጥ አልትራሳውንድ ያለ ሕመምና ያለ ጨረር በጥቂት ደቂቃ ሊለካው ይችላል።

ሦስተኛው እኛን ወጣቶችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። አንዳንድ ልጅ አኦርታው በአንድ ቦታ ጠቦ ይወለዳል። በክንዱ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ በብሽሽቱ ያለው ትርታ ግን ይደክማል፤ ሲሮጥ እግሩ ይዝላል። ደሙ በጎድን አጥንት ሥር ባሉ ትንንሽ መንገዶች ስለሚዞር፣ ራጁ ላይ ጎድኖቹ እንደ ተበሉ ሆነው ይታያሉ። ስዊድናዊው ክላረንስ ክራፎርድ እ.ኤ.አ. በ1944 ጠባቡን ክፍል ቆርጦ ጫፎቹን በመስፋት ይህን ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ጥገና አዳነ። ሐኪም የልጅን ብሽሽት በጣቱ ቢዳስስ መሣሪያ ሳያስፈልገው ሊጠረጥረው ይችላል።

እንደዚሁም እጅግ ረዣዥም፣ ጣተ ቀጫጭን፣ ዓይናቸውም የሚደክም ሰዎች አሉ፤ አንቷን ማርፋን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ምልክቱን ስለ ገለጸ ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ረዥም የሆነ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ነገር በቤተሰብ ካለ አኦርታው ቀስ በቀስ ይሰፋል። ፍሎ ሃይማን የተባለችው የታወቀች አሜሪካዊት የመረብ ኳስ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 በጃፓን አገር በግጥሚያ መካከል ወድቃ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሬሳዋ ሲመረመር አኦርታዋ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ተመርምሮ ያው ሕመም እንዳለበት ታወቀና በቀዶ ጥገና ታከመ። አንድ ምርመራ በጊዜው ስላልተደረገ እኅቲቱ ሞተች፤ በጊዜው ስለ ተደረገ ወንድምየው ተረፈ። የስፖርት መምህሮቻችን ይህን እንዲያስታውሱልን በአክብሮት እለምናለሁ።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ጥቅም ብቻ አይደሉም። ሲቲ ስካን የሚያሳርፈው ጨረር ከአንድ ተራ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጅ ይበልጣል፤ የሚወጋው ፈሳሽም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ «እኔንም በትልቁ መኪና አንሡኝ» እያሉ መጠየቅ አይገባም። ደግሞም መሣሪያ ራሱ አያስብም፤ ሐኪሙ ካልጠረጠረ ማንም አይነሣም፤ ሐኪሙም የሚጠረጥረው በሽተኛው ወይም ዘመዱ ነገሩን በትክክል ሲነግረው ነው። ሕመሙ መቼ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሲሠራ እንደ ጀመረው፣ ደም ብዛት እንዳለበት፣ ከቤተሰቡ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ መንገር የምርመራው ግማሽ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ወገኖቼ ሆይ፣ ወለጋ ከሕክምና ጥበብ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ በሳዮ፣ ማለትም በዛሬይቱ ደምቢ ዶሎ ሥራውን ጀመረ፤ በነቀምቴ የስዊድን ሚሲዮን ሐኪሞች፣ በአይራና በግምቢም ሌሎች ከሩቅ አገር መጥተው ሆስፒታል አቆሙ። በአዲስ አበባ ደግሞ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ባደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በከተማችንም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሲያስተምር፣ ከሚያስተምራቸውም ሙያዎች አንዱ ሕክምና ነው። መጀመሪያ ሌሎች መጡልን፤ አሁን ተራው የእኛ ነው። ራጅን የሚያነሣ ብቻ ሳይሆን የሚያነብ፣ የተበላሸውን መኪና የሚጠግን፣ ግፊት የሚለካ፣ ደም ሥር የሚሰፋ ሰው ከዚህ ትምህርት ቤት መውጣት አለበት። የፊዚክስንና የባዮሎጂን ትምህርት ለፈተና ብቻ የምናጠና ከሆነ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ እንደ ረዘመ ይቀራል።

ወላጆቻችንን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፤ የደም ግፊታችሁን አስለኩ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደኅና ሆንሁ ብላችሁ አታቋርጡ፣ ስትጓዙ ቀበቶ እሰሩ፣ ደረቱ የተመታ ሰው ሳይመረመር ወደ ቤት አይግባ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የአኦርታ ነገር ከተቃጠለ በኋላ ቅጠልም ውሃም አይደርስለትም።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!